የገና ገንዘብ፣ የመስከረም ደብተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናትና ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ለችግረኛ ሕፃናት ስለሚላከው ድጋፍ ሲጻፍ ጥያቄው ሁሌም «ስንት ተሰበሰበ?» ነው። «በየትኛው ወር ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በሥራው ላይ ላለን ሰዎች ግን ዋናው ጉዳይ ይኸኛው ነው። የአንዲትን ልጅ የዓመት ወጪ በሙሉ የሚሸፍን ገንዘብ መጥቶ ልጅቷ በመስከረም ትምህርት ሳትጀምር የምትቀርበት ጊዜ አለ፤ ገንዘቡ የደረሰው በየካቲት ስለሆነ ብቻ።

የምዕራቡ ምእመን እጁ የሚፈታው በገና ሰሞን ነው። የእነሱ ገና በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይውላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የግብር ዓመቱ ከገና ሳምንት በኋላ ስለሚዘጋ፣ ከግብር የሚቀነስ ስጦታ ሁሉ በዚያች ሳምንት ይጣደፋል። ተቆጥሮ፣ በባንክ አልፎ፣ አዲስ አበባ ካለው ቢሮ ወደ አጥቢያው ፕሮጀክት ሂሳብ እስኪወርድ ጥር ይጋመሳል፤ አንዳንዴም የካቲት ይጠባል። የእኛ ትምህርት ቤቶች ግን የሚመዘግቡት በነሐሴ ነው። ደብተሩም፣ ዩኒፎርሙም፣ ጫማውም የሚፈለገው በነሐሴና በጳጉሜን ነው። ገጠር ከሆነ ያ ወቅት ጎተራ የሚጠረግበት ነው፤ የአምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና እሸት አልሆነም። ሦስት የልጅ ልጆች የምታሳድግ አያት በአንድ ወር ውስጥ እህልም ደብተርም ግዢ ስትባል የትኛውን እንደምትመርጥ ይታወቃል። ልትወቀስም አይገባም።

የጥር ገንዘብ ታዲያ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ለእህል ከሆነ ከሁሉም ወር የተሻለ ነው። መኸሩ ተወቅቶ ገበያው የሚሞላው በጥርና በየካቲት ስለሆነ ዋጋው ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። በአገራችን የዕርዳታ ሥራ የተለመደው መስፈሪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። አያትና ሦስት ልጆች አራት ነፍስ ናቸው፤ በወር 60 ኪሎ እህል ይፈልጋሉ። ለሰኔ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ 180 ኪሎ እህልና 18 ኪሎ ጥራጥሬ ማለት ነው፤ ተደምሮ ሁለት ኩንታል አይሞላም። ይህ በየካቲት ተገዝቶ ከተቀመጠ በሐምሌ የሚመጣው ብር ለምግብ ሳይሸራረፍ ለትምህርት ይተርፋል።

እዚህ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ነቀዝ ነው። በተራ ማዳበሪያ የተቀመጠ በቆሎ ሰኔ ሲፈታ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ባለ ሦስት ሽፋኑ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጪው የተለመደው ማዳበሪያ። አየር ስለማያስገባ ነፍሳቱ ታፍነው ይሞታሉ፣ መድኃኒትም አይፈልግም። እህሉ መጀመሪያ በደንብ መድረቅ አለበት፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ የማይል እህል ከታሰረ ይሻግታል። ከዚያ አየሩ እየተጨመቀ ወጥቶ የውስጡ ላስቲክ ለብቻው፣ ሁለተኛው ለብቻው ተጠምዝዞ ይታሰራል። ከረጢቱ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ከግድግዳም ይራቅ፤ አይጥ አንዴ ከበሳችው ከተራ ማዳበሪያ አይለይም። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ዋጋው ግን ለእንዲህ ያለው ግዢ አይመችም።

ወደ ትምህርቱ ስንመለስ፣ በሪፖርት ላይ «የትምህርት ቁሳቁስ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ነገር ሲዘረዘር ሌላ መልክ አለው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ደብተር ስለምትጠየቅ አንድ ደርዘን ያስፈልጋታል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሒሳብና እንግሊዝኛው ስለሚሞላ ሦስት መተኪያ መያዝ ይገባል። ብዙ ፕሮጀክቶች መተኪያውን አይቆጥሩም። ልጅቷም ከመጋቢት በኋላ በአሮጌ ደብተር ጠርዝ ላይ ትጽፋለች፣ መምህሩም ደብተር አልያዘችም ብሎ ያስወጣታል። ዩኒፎርም በሐምሌ መለካትና መታዘዝ አለበት፤ ጳጉሜን ላይ የሰፊዎቹ እጅ ይሞላል፣ ዋጋውም ይወጣል። ስፌቱን የሚያዝ ሰው ከግርጌው አራት ጣት ያህል እጥፋት፣ ከእጅጌውም ሁለት ጣት እንዲተው ይንገር። በሚቀጥለው ዓመት ተለቅቆ ይለበሳል። ይህች አንዲት ቃል ሳትነገር ስለምትቀር ስንት ዩኒፎርም በየዓመቱ አዲስ ይሰፋል! ጫማ በክረምት ጭቃ ላይ ለሚሄድ ልጅ ሸራ አይሆንም። ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ሴቶች ሞዴስ በበጀቱ ውስጥ ራሱን ችሎ ይጻፍ። በወር አራትና አምስት ቀን መቅረት በትምህርት ዓመቱ ውስጥ ሲደመር ከአንድ ወር በላይ ክፍል መቅረት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር ያድላል፣ ምገባም አለ። ሆኖም ለአዲስ አበባ ልጅ በየዓመቱ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ የሚልኩ ኮሚቴዎች አሁንም አሉ። ልጁ ሁለት ዩኒፎርም ይኖረዋል፣ የቤት ኪራዩ ግን አልተከፈለም። እዚያ የሚጎድለው ኪራይ፣ ሕክምናና ማጠናከሪያ ትምህርት ነው።

ስለ ብርም አንድ ነገር እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለላኪው የወር ስጦታው ያው ነው፤ ያኔ እዚህ ሲመነዘር ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ከአሳዳጊዋ ጋር የተፈረመው ውል በብር ተቆርጦ የተጻፈ ከሆነ ልዩነቱ ቤቷ አይደርስም። የገበያው ዋጋ ግን ይደርሳታል። ስለዚህ ውሉ በብር ሳይሆን በዕቃ ይጻፍ፤ ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ደብተር፣ አንድ ጥንድ ጫማ። ዋጋው በየስድስት ወሩ በአካባቢው ገበያ ይታይ። ከውጭ የምትልኩ ወገኖችም የምንዛሪ ልዩነቱ የት እንደገባ በቀጥታ ጠይቁ። ጥያቄው ማንንም አያስቀይምም፤ ካስቀየመም ደግሞ መልስ አገኛችሁ ማለት ነው።

የልጆቹ አመራረጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጆቹ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ብቻ ሲመረጡ የሚገቡት እሑድ እሑድ ንጹሕ ልብስ ለብሰው መምጣት የሚችሉት ይሆናሉ። ከሁሉ የተቸገረው ልጅ እሑድ ከብት ይጠብቃል ወይም ሊስትሮ ይሠራል። የሚሻለው ሦስት ዝርዝር ሳይተያይ ማውጣት ነው። አንደኛው ከዕድሩ ይመጣል፤ ማን ወላጁን እንደቀበረ ዕድር በመዝገቡ ያውቃል። ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ፣ ከየክፍሉ ኃላፊ መምህር የቀሪ መዝገብ። ሦስተኛው ከቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፤ የየቤቱን ጓዳ የምታየው እሷ ናት። በሁለቱ ላይ ስሙ የተገኘ ልጅ ቅድሚያ ያገኛል። ከኮሚቴው አባላት ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ልጅ በአንድ ዝርዝር ላይ ብቻ ካለ ይቆይ። በፎርሙ ላይ የልጁን ሃይማኖት የሚጠይቅ መስመር ካለም ይሰረዝ። ክርስቲያናዊነቱ ከሚሰጠው ሰው እንጂ ከተቀባዩ መጠየቅ የለበትም። ጎረቤቱ የሙስሊም ልጅ ሆኖ ሳይመረጥ የቀረበት ሰፈር ውስጥ ፕሮጀክቱ እንደማይከበር ደግሞ ማንም ያውቃል።

ስለ ማሳደጊያ ግቢ። ከውጭ ያለ አጥቢያ ገንዘብ ሲያጠራቅም መጀመሪያ የሚያስበው ሕንፃ ነው፤ በር ላይ ስሙ ይጻፋል፣ ፎቶውም ያምራል። እኛ በዚህ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2000 በቡካሬስት፣ ሩማንያ፣ በማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 136 ሕፃናት ላይ ጥናት ተጀምሮ ነበር። በዕጣ ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ወጡ። የወጡት በአእምሮ ዕድገትም ከሰው ጋር በመቆራኘትም በልጠው ተገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ የበለጠ። በየማሳደጊያው ያሉ ብዙ ልጆች አያት፣ አክስት፣ አንዳንዴም በሕይወት ያለች እናት አሏቸው። ወደ ግቢው ያመጣቸው ድህነቱ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ካቆመች በኋላ ልጁ ከዚያ ግቢ ወደ ውጭ አገር ቤተሰብ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ብዙው እስከ 18 ዓመቱ እዚያው ያድጋል፣ ከዚያ በሩ ላይ ይሰናበታል። የዘበኛ፣ የወጥ ቤት፣ የመብራትና የውኃ ወጪ ሲደመር በአንድ ልጅ የሚውለው ገንዘብ ልጁን ከእህቶቹ ጋር በአያቱ ቤት ከማቆየት በብዙ ይበልጣል። ሕንፃ መሥራት ግዴታ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ይፈልጋል፤ ለሴቶች ለብቻ፣ ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው።

ደግሞ «ስፖንሰር» የሚለው አሠራር አለ። አንድ ለጋሽ አንድ ልጅ፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ። አሠራሩ የተስፋፋው ከኮርያ ጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች ወዲህ ነው፤ ክርስቲያናዊዎቹ የሕፃናት ድጋፍ ድርጅቶች ወርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ1950፣ ኮምፓሽን በ1952 ተመሠረቱ። ይሠራል ወይ ለሚለው ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስ፣ በጓቲማላና በቦሊቪያ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቶ፣ በኮምፓሽን ታቅፈው ያደጉት ካልታቀፉት ከ1.03 እስከ 1.46 ዓመት የበለጠ መማራቸውን አገኘ። ኢትዮጵያ በጥናቱ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ችግሩ ያለው አንድ ለአንድ በሚለው ላይ ነው። ለጋሹ ሥራ ሲለቅ፣ ሲታመም፣ ሲሞት የሚቋረጠው የአንዲት ልጅ ድጋፍ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ «የፕሮጀክት ልጅ» የሆነው አንዱ ብቻ ሲሆን ደግሞ ታናሹ በአዲሱ ጫማ ያለቅሳል፤ እናትየውም ብልህ ከሆነች ጫማውን ሸጣ ለሁለቱ ትገዛለች። ከዚያ የጉብኝት ሠራተኛዋ «ጫማው የት ሄደ?» ብላ ትጽፍባታለች። ይልቅ ገንዘቡ በጋራ ቋት ይግባ፤ ለጋሹ ደብዳቤና ፎቶ ከፈለገ ይላክለት፣ የልጅቷ ወር ግን በእሱ ኪስ አይወሰን። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ አገሩ ሲመግበው የኖረው እንዲህ ነው፤ ይህ የእኔ ነው ብሎ ለብቻው የያዘው ቤት የለም፣ አንዱ ቤት ቢያጣ ቀጣዩ ይሰጣል።

አንድ ቧንቧ ብቻ መያዝ ምን እንደሚያመጣ ሕንድ ላይ ታይቷል። መንግሥት የውጭ ገንዘቡን ሲከለክል ኮምፓሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አገሩን ለቆ ወጣ፤ ከ140 ሺህ በላይ ሕፃናት ድጋፋቸው ቆመ። ስለዚህ በየአጥቢያው ከሚገባው ውስጥ የሦስት ወር ወጪ የሚሆን ተቀማጭ ይያዝ። በአካባቢው ሰው የሚዋጣ ነገርም፣ ጥቂት ቢሆን እንኳ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ይጀመር።

ፈተናውን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2 በመቶ። ደብተርና ዩኒፎርም ለ12 ዓመት ከፍሎ ለዚህ መድረስ ያሳዝናል። ችግሩ ግን 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። ቀላል መለኪያ አለ፦ 3ኛ ክፍል የደረሰን ልጅ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ሰጥቶ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ፣ ከዚያም ስላነበበው ሁለት ጥያቄ መጠየቅ። ፊደል እየቆጠረ ካነበበ ያን ዓመት ያለው ገንዘብ ሁሉ ለማጠናከሪያ ይዋል። ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ከ15 የማይበልጡ ልጆች፣ አንድ የሚከፈለው መምህር። መምህሩ ራሱ በቀን የሚያስተምራቸው ባይሆን ይመረጣል፤ አለበለዚያ የሳምንቱ ትምህርት ለቅዳሜ ይቀመጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ስለጀመረ የመጓጓዣ፣ የብርድ ልብስና የስንቅ ወጪ መጥቷል። ይህን የሚይዝ የስፖንሰር በጀት እምብዛም አይታይም፣ ልጆቹም በመጨረሻው ሳምንት ይበደራሉ።

ወረቀቱም ሥራ ነው። ወላጅ ለሌላት ልጅ በስሟ ሂሳብ ለመክፈት አያቷ ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ውሳኔ ማምጣት አለባት። ይህ ሳይያዝ ድጋፉ ከተጀመረ ገንዘቡ በኮሚቴው ሰብሳቢ የግል ሂሳብ ማለፍ ይጀምራል። ሰብሳቢው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን የሞተ ቀን ሂሳቡ ይታገዳል። ገንዘብ ያዡ፣ የአጥቢያው አስተዳዳሪና አንድ የወላጆች ተወካይ ከሦስቱ ሁለቱ እየፈረሙ ገንዘቡ ይውጣ። አሜሪካ ያሉ የሐበሻ አጥቢያዎች ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፦ ሰጪው «ለእገሊት ብቻ ይድረስልኝ» ብሎ በስም ካሰረው ስጦታው ከግብር አይቀነስለትም፤ ገንዘቡ ለማን እንደሚውል የመወሰን ሥልጣኑ የአጥቢያው መሆኑ በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። በእጅና በጥቁር ገበያ የሚላክ ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው ይህን ለማሳየት አይቻልም። እዚህ ደግሞ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቁጥሩን ለማሳነስ ሲባል መጀመሪያ የሚቀነሰው የማኅበራዊ ሠራተኛዋ የቤት ለቤት ጉብኝት ነው፤ ይህ የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ እንጂ የቢሮ ወጪ አይደለም። በሁለት ወር አንዴ ሳይነገር የሚደረግ ጉብኝት ከየትኛውም ሪፖርት ይበልጣል። ጎብኚዋ ስትገባ የምታየው ጥቂት ነገር ነው፦ ልጅቷ የት ትተኛለች፣ ደብተሯ ላይ ያለው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው፣ ምሳ ምን በላች።

የውጭ አገር ኮሚቴዎች በጀታቸውን የሚያወጡት በሰኔ ቢሆን ገንዘቡ ለነሐሴ ይደርሳል። ለዚህ ግን የየክልሉ የምዝገባና የትምህርት መክፈቻ ቀን ቀድሞ በእጃቸው መግባት አለበት፤ ቀኑም ከክልል ክልል ይለያያል። ጋዜጣው በየዓመቱ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ይህን ከየትምህርት ቢሮው ጠይቆ በአንድ ገጽ ቢያትምልን ውጭ ላሉት አጥቢያዎች ቆርጠን እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት ድጋፍ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ